የአቶ እንድሪስ ግራ እግር

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት በሐምሌ ወር ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ነኝ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ልርሳው ብል እንኳ የሚያስታውሰኝ ነገር ሥራ ቦታዬ ላይ ተሰቅሏል። እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ ቆሻሻ ማቃጠል ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ የማቃጠያ ጣቢያ አለች። ከአካባቢው ሐኪም ቤቶች መርፌው፣ ፋሻው፣ ደም የነካው ሁሉ በቢጫ ከረጢት ታስሮ በመኪና ይመጣል። እኔ አቃጥላለሁ። ሙቀቱም ባክኖ አይቀርም፤ ምድጃው ጀርባ ያለውን ትልቅ የውሃ ታንከር ያሞቃል፤ በዚያ ውሃ ሁለት ሴቶች የሕሙማን አንሶላ ያጥባሉ። ሰፈርተኛው "አባ ጭሱ" ይለኛል። በወጣትነቴ የምጠራው በመልኬ ነበር እንዳልል ሚስቴ ይህን ታነበዋለች።

ማቃጠያዋ ሁለት ክፍል አላት። በታችኛው ቆሻሻው ይገባል፤ በላይኛው ጭሱ ራሱ ይቃጠላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ላይኛው ክፍል በናፍጣ ይግላል፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ቆሻሻው ይገባል። ይህ ከተደረገ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር ለዓይን እንኳ አይታይም። ላይኛው ሳይግል ካስገቡ ግን ጥቁር ጭስ እየተንከባለለ ሰፈሩ ላይ ይወርዳል። ደግሞም አንዴ በሩ ተዘግቶ እሳት ከያዘ መክፈት የለም። ያለው ነዶ እስኪያልቅና እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የሚጠበቅ አንድ ነገር ቢኖር ሞት ነው፤ እሱም ቢሆን ሳልጠብቀው ይመጣል እያልኩ፣ ቀስቱ ግማሽ ሳይደርስ ከረጢቶቹን ወርውሬ በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር። ለሳምንታት እንዲህ አደረግሁ። ጻድቅ የምሆነው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ታዲያ ነገሩ ከመሆኑ አንድ ቀን በፊት ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰገደች ነጠላዋን ይዛ መጣች። ነጩ ላይ ጥቀርሻ ተንጠባጥቦበታል። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም።

"አንተ ሽማግሌ፣ ነጠላውስ ይታጠባል። ይህን ጭስ የሚስበው የልጅ ልጄ ሳንባ በምን ይታጠብልኛል?" አለችና ሄደች።

 በማግስቱ ጠዋት፣ ጽድቅ ፈልጌ ሳይሆን እሷን አፍሬ፣ ዛሬስ ቀስቱ ቀዩን ሳይነካ አንዲት ከረጢት አላስገባም ብዬ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናብ ይዘንባል። ጠዋት በመኪና የመጡት ዘጠኝ ከረጢቶች አጠገቤ ተደርድረዋል። ቀስቱ ደግሞ እንደኔው ሽማግሌ ሆኖ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ቀዩ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወረደች። ሻሿ በዝናብ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። በእኛ አገር ሰው ቤቱ እየነደደ እንኳ "እንዴት አደራችሁ" ሳይል ውሃ አይጠይቅም፤ እሷ ግን ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አባባ፣ አቃጠሉት?"

"ምኑን?"

"የአባቴን እግር።"

ስሟ ዘይነባ ነው። አባቷ አቶ እንድሪስ ከውርጌሳ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። እሾህ ወግቷቸው የናቁት ቁስል፣ ስኳር ኖሮባቸው ኖሮ፣ ግራ እግራቸውን አጥቁሮት ትናንት ከጉልበት በታች ተቆረጠ። እግሩ ለቤተሰቡ ተሰጥቶ ሊቀበር ነበር ስምምነቱ። እንዲለይ ብላ ከአባቷ ሽርጥ ቀድዳ መጠቅለያ ሰጥታለች። ሲነጋ የሚቀብሩ ዘመዶች ልትጠራ ብትወጣ ወንዝ ሞልቶ ሰዎቹ ማዶ ቀሩ። ብቻዋን ስትመለስ የሐኪም ቤቱ ተረኛ ተቀይሯል፤ አዲሱም የቀደመውን ቃል አልሰማም። ቢጫ ከረጢት ከቢጫ ከረጢት አይለይምና ከሌላው ጋር ተጭኖ ወደኔ መጥቷል።

አባቷ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ የጠየቁት ስለ ሕመማቸው አልነበረም። እግሬን ቀበራችሁት ወይ ነው ያሉት። እሷም መጫኑን ገና ሳታውቅ፣ እንደሚቀበር ልቧ አምኖ ነበርና ተቀብሯል አለቻቸው።

"ዋሸሁት፣ አባባ" አለችኝ። "የአደም ልጅ ገላ እሳት አይነካውም እያለ ነው ያሳደገን። አሁን ተቃጥሎ ከሆነ ይችን ውሸት እስክሞት ልሸከማት ነው።"

ደንቡ የታሰረ ከረጢት አይከፈትም፣ የገባ ቆሻሻ አይወጣም ይላል። ደንብ ስጥስ ከርሜ ያን ሰዓት ደንብ ትዝ አለኝ፤ ሰው ሲጨነቅ ደንብ አክባሪ የሚሆን አይነት ሽማግሌ ነኝ። ስልክ አንስቼ የቆረጠላቸውን ሐኪም ፈለግሁ። እሱም ለካ እግሩን ሲያፈላልግ ነበር። "ካገኙት ይስጧት፣ ወረቀቱን እኔ እልካለሁ" አለኝ።

ረጅሙን ጓንትና ሽርጡን፣ ያው የሥራ ሽርጤን፣ ለበስሁ። እሷን ከዝናቡ ተጠለይ ብላት እንቢ ብላ ቆመች። አንዱን ፈታሁ፤ ፋሻ ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ ምናልባት በሌላ መኪና ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆን አልሁ። ስድስተኛው ውስጥ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ ታየኝ።

ዳሩን ብቻ ገለጥ አደረግሁ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ተረከዙ ግን ተረከዝ ነው፤ እንደ በጋ መረሬ መሬት የተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሳሙና የማያወጣው አፈር የገባ። ስንት ጥማድ እንዳረሰ እግዜር ይወቅ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም።

ዞር ስል ቀስቱ ቀዩ ላይ ደርሷል።

ናፍጣውን ዘጋሁት። አንሶላ የሚያጥቡት ሴቶች ውሃው ሳይሞቅ ለምን አጠፋህ ብለው ሲመጡ ዘይነባን አዩ። እስከዚያ ለብ ያለውን ውሃ በሳፋ ቀዱላት፤ እኔ ጓንት ሰጠኋት። እርጥብ መሬት ላይ ተንበርክካ ያን እግር አጠበችው። በአገራችን ልጅ የአባቱን እግር ማጠቡ አዲስ አይደለም። ሴቶቹ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። እኔም ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

የሚቀብር ወንድ እንደሌላት ስለማውቅ ጣቢያውን ቆልፌ አብሬ ሄድሁ። ባጃጅ ውስጥ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ባለባጃጁ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ምን ይዛችኋል አባባ ሲለኝ እውነቱን ነገርሁት።  ዘፈኑን ዘጋና ጉድጓድ ባየ ቁጥር እርጉዝ እንደጫነ ሰው ቀስ እያለ ነዳ።

እግሩ የሚቀበርበት መስጊድ ስንደርስ የቀትር ሶላት አብቅቶ ሰው ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ሼህ ነገሩን ሰምተው፣ ባለቤቱ በሕይወት ስላለ የጀናዛ ሶላት የለውም፣ በክብር አፈር ማልበስ ነው አሉ። አምስት ስድስት ሰው ተከተለን፤ ባለባጃጁም ወረደ። ጉድጓዷ ትንሽ ናት፤ የእናቶች የጎመን መደብ ታክላለች። እኔም ጥቂት ቆፈርሁ፤ ወገቤ ግን ከሦስት አካፋ በላይ አልፈቀደልኝም፣ ነጥቀው ተቀበሉኝ።

ስንመለስ ዘይነባ ለመነችኝ። "አባባ፣ አንቱ ይንገሩልኝ። ጠዋት ነው የቀበርነው ይበሉልኝ።" እሺ አልኋት። መዋሸት ለኔ አዲስ ሥራ አይደለም።

አቶ እንድሪስ ሐኪም ቤት አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ በሌላው በኩል ከአልጋው ጋር ተኝቷል። አጠገባቸው ያለው ምግብ አልተነካም። ዕድሜያችን አንድ ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን ከኔ ያምራሉ። ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት።

"ማን ነዎት?"

"እግርዎን የቀበርሁ ነኝ።"

"መቼ?"

የተመካከርነው ቃል አፌ ላይ ነበር። እጄን ሳየው ጭቃ ነው።

"አሁን" አልሁ። "ይኸው፣ አፈሩ አልደረቀም።"

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ወደሷ ዞሩ። "ጠዋት ስትነግሪኝ ዓይንሽ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እውነቱን እስክሰማ ነው እህል ያልቀመስሁት። በይ አሁን አቅርቢልኝ።"

ከዚያ ምን ይመስል ነበር ብለው ጠየቁኝ። ተረከዙን ነገርኋቸው፤ ስንጥቁን፣ የገባበትን አፈር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚያውቁት ሰው ስም እንደተጠራላቸው። "እሱ ነው" አሉ። እጃቸውን ዘርግተውም መረቁኝ፦ "አላህ ከእሳት ይጠብቅዎ።"

አሜን አልሁ። ስንት ጊዜ ተመርቄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ምርቃት ከብዶኝ አያውቅም። እንደ ልማዴ ባደርግ ኖሮ ዘይነባ በሩ ላይ ሳትደርስ እግሩ አመድ ነበር። ያዳነው የእኔ ደግነት አይደለም፤ የወይዘሮ አሰገደች ጥቀርሻ የነካው ነጠላ ነው። ይህን ለሳቸውም ለልጃቸውም አልነገርሁም። የምናገረው ዛሬ ነው።

በጥር በገበያ ቀን አቶ እንድሪስ በክራንች እስከ ጣቢያው ድረስ መጡ። ሳይታመሙ የገዙት አዲስ ኮንጎ ጫማ ኖሯቸዋል፤ ቀኙን አድርገው ግራውን በእጃቸው ይዘዋል። "ነጋዴ ግማሽ ጫማ አይሸጥም" አሉ እየሳቁ። "ይችን ትርፍ ያቃጥሉልኝ።" ተቀበልኋቸው።

አላቃጠልሁትም። ከሙቀት መለኪያው ጎን ሚስማር መትቼ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ናፍጣውን ለኩሼ በርጩማዬ ላይ እቀመጥና ቀስቱንና ጫማውን እያየሁ እጠብቃለሁ። ቀስቱ ቀዩ ላይ ሲደርስም ወዲያው አልነሳም፤ ወደ መንገዱ አንድ ጊዜ አያለሁ። የሚመጣ ሰው ከሌለ አስገባለሁ።

ወይዘሮ አሰገደች ሰው ሆንክ ትለኛለች። እኔ ግን እነዚያ የቸኮልሁባቸው ሳምንታት ትዝ ይሉኛል። ያኔ አንድ ሌላ ሰው እየሮጠ መጥቶ፣ ጭሱን ከሩቅ አይቶ፣ ምንም ሳይለኝ ከመንገድ ተመልሶ እንደሆነ አላውቅም።