ሳትሣል የምትቀረው ኩርባ

በአክብሮት «ቡ» የምንላቸው ሱዋርሲህ በሶሎ ከተማ፣ በላዌያን ሰፈር፣ ሙሽራ ማስጌጥ ከጀመሩ ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሙሽራዋን ግንባር በጥቁር ቅባት ይሥላሉ፤ መሐል ላይ ሰፋ ያለ ቅጠል፣ ግራና ቀኙ ትንንሽ ቅጠሎች፣ በመጨረሻም ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ወደ ጉንጭ የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ኩርባዎች። ሙሽራ ሊሥሉ ሲሉ ከዋዜማው ጀምረው ይጾማሉ። እጃቸውን የሚያጸናው ጾሙ ነው ብለው ያምናሉ።

ለፎቶ ብቻ የምትለብስ ልጅ ስትመጣ ግን አይጾሙም። የግራዋን ኩርባም አይሥሉም። ሳታገባ ሙሉ ሙሽራ ሆና የተቀመጠች ሴት ዕድሏን በጨዋታ ትጨርሰዋለች፣ እውነተኛው የሠርግ ቀኗ ሳይመጣ ይቀራል ብለው አሮጊቷ መምህራቸው አስተምረዋቸዋል። እኛ የፎቶ ማኅበር አባላት ይህን ስለምናውቅ ሞዴሎቹን ፊታቸውን ወደ ግራ አስዙረን በቀኝ ጉንጫቸው በኩል ብቻ ስናነሳ ኖረናል። በግድግዳችን ላይ ያሉት ሙሽሮች ሁሉ አንድ መስኮት የሚያዩ ይመስላሉ።

ያን እሑድ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የጥርስ ሐኪሙ ሂማዋን፣ በአክብሮት ሲጠሩት ፓክ ሂማዋን፣ «ሙሽራ በሁለት ዘመን» የሚል ርእስ አወጣ። አንዲት ሃያዎቹን ያልጨረሰች፣ አንዲት ሃምሳን ያለፈች ሴት፣ አንድ ዓይነት ጥቁር የከፈይ ልብስ ለብሰው፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ካሜራውን እያዩ። ፊት ለፊት ሲሆን ሁለቱም ጉንጭ ይታያል።

በሰም ተሥሎ የሚቀለመውን ባቲክ የሚባል ጨርቅ የሚነግድ የአንድ ሰው አሮጌ ቤት ፊተኛው አዳራሽ ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መብራት ስናቆም ነበር። አሥራ አንድ ፎቶ አንሺዎች ነን፤ መብራቶቹን ብልጭ የምታደርገው፣ ካሜራ አናት ላይ የምትሰካ ቁልፍ ግን አንዲት ብቻ ናት። እሷን በየአምስት ደቂቃው እንቀባበላለን። ተራው ያልደረሰ ሰው ቢያነሳ የሚያገኘው ጨለማ ነው።

ቡ ሱዋርሲህ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ሲገቡ ወጣቷ ሞዴል ኪናንቲ ጥግ ላይ ተቀምጣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ትበላለች። መስተዋቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ደግሞ ታናሽ እህታቸው ሙርቲናህ ፀጉሯን ታጥባ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች።

ሙርቲናህ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግን አንቱ ያላት ሰው መልስ አያገኝም። ከልጅነቷ ጀምሮ በጨርቅ ላይ በሰም ባቲክ ትሥላለች። አላገባችም። ከእህቷ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አሉ ቡ ሱዋርሲህ።

«ሞዴል ነኝ።»

«ተነሺ! ሰው ይመጣል።»

«የሚመጣው ሰው እኔው ነኝ እትዬ። ፓክ ሂማዋን ጥርሴን ሲነቅል ተመዘገብሁ። አፌን ከፍቶ ስለነበር እሺ አልሁት ወይስ እሱ እሺ አለኝ፣ እሱ ያውቃል።»

ሂማዋን ካሜራውን መወልወል ጀመረ።

ቡ ሱዋርሲህ ሣጥናቸውን ከፈቱ። የሙርቲናህን ፀጉር ወደ ኋላ ጎትተው፣ እንደ ወጉ የተከተፈ ፓንዳን የሚባል መዓዛማ ቅጠል የሞላበት ጉንጉን ሠሩላት፤ የጃስሚን አበባ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ወደ ደረቷ አወረዱላት። ግንባሯን ሣሉ። መሐሉን፣ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ የቀኝ ጆሮዋን ኩርባ። ብሩሹን አስቀመጡና እጃቸውን መጥረግ ያዙ።

እኔ መብራት ለመለካት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ግራዋስ?» አለች ሙርቲናህ።

«ታውቂያለሽ።»

ሂማዋን ነገሩ እንዳይከር ብሎ ጣልቃ ገባ። «ቡ፣ አይጨነቁ፤ የቀኙን ገልብጠን በኮምፒውተር እንለጥፈዋለን።»

«ከለጠፍህ አንተው ታገባታለህ» አሉት።

«ይቅርብኝ!» አለች ሙርቲናህ። «እሱ እንደሆነ ሲያቅፈኝም ጥርሴን ነው የሚቆጥረው።»

አዳራሹ ሳቀ። ቡ ሱዋርሲህ ግን አልሳቁም። ወደ እህታቸው ጎንበስ አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዙትን ነገር አወጡት።

«ግራሽን አንዴ ጨርሼብሻለሁ እኮ፣ ሙር። ሙሽራ አስጌጭ ለመባል ስፈተን፣ ሞዴል የሆንሽልኝ ቀን። መምህሬ ‹ግራዋን ተዪ› ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ፈታኞቹ እጇ ደከመ እንዳይሉኝ ፈራሁና ሣልኋት። ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ወረቀቴን አገኘሁ፤ አንቺ ደግሞ ይኸው ሳታገቢ ቀረሽ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ልጅ ግራ የማልነካው ለዚህ ነው።»

ሙርቲናህ በመስተዋቱ ውስጥ እህቷን አየቻቸው።

«ይሄን ይዘሽ ነው የኖርሽው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እትዬ፣ የዎኖጊሪ ከተማውን ትኬት ቆራጭ ታስታውሺዋለሽ? አውቶቡስ ላይ የነበረውን፣ ረጅሙን?»

«ባቲክ ሊገዛ ይመላለስ የነበረው?»

«ለእናቱ ስንት ባቲክ ይገዛል? ላግባሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ እምቢ አልሁት።»

ቡ ሱዋርሲህ ቀና አሉ። «ለምን?»

«ባሕር ተሻግረን ሱማትራ እንሂድ አለኛ። እኔ ደግሞ የሰም ማሰሮዬን፣ መስኮቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሲያኝክም አፉን አይገጥምም ነበር። ወድጄ ነው የቀረሁት። ያንቺ ቅባት ይሄን ሁሉ ጉልበት አለው ብለሽ ነው?»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ! አንቺ ሁልጊዜ እንደ ታመመ ሰው ነበር የምታይኝ። ሾርባ ትሰጪኛለሽ እንጂ አትጠይቂኝም።»

ቡ ሱዋርሲህ ፎጣውን አጥፈው ፈቱት፤ እንደገና አጠፉት።

«ታዲያ ዛሬ ምን አስመጣሽ?»

«የፈተናሽ ቀን አምሮብኝ ነበር» አለች ሙርቲናህ። ቀልዱ ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «ሦስቱ ፈታኞች ያንቺን እጅ ብቻ እያዩ ጻፉ። ፎቶ ያነሳኝ ሰው የለም። ማታ በውሃ ታጥቤ ተኛሁ። አንድ ጊዜ፣ ሙሉውን፣ ላየው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አይደለም።»

ቡ ሱዋርሲህ ብሩሹን አነሱ። እጃቸውን አዩና መልሰው አስቀመጡት።

«አልጾምሁም እኮ፣ ሙር። ጠዋት ጠግቤ በልቻለሁ። በዚህ እጅ እንዴት ብዬ…»

«እኔ ከትናንት ጀምሬ ጾሜያለሁ። ለሁለታችንም ይበቃል።»

አሁንም ሳያነሱት ሲቀሩ ሙርቲናህ ራሷ ብሩሹን አነሳች። በሰም ቀጭን መስመር ስትሥል ከአርባ ዓመት በላይ የኖረች እጅ ናት፤ ወደ መስተዋቱ ተጠግታ ጫፉን ከጆሮዋ ፊት አሳረፈች።

«አንቺ!» ብለው ጮኹ ቡ ሱዋርሲህ። «ሙሽራ የራሷን ፊት አትሥልም! አምጪ! ጨርቅ መሰለሽ?»

ብሩሹን ቀምተው፣ አገጯን በግራ እጃቸው ያዙ። ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔም ያዝሁ። ብሩሹ ከጆሮዋ አጠገብ ተነስቶ፣ በጉንጯ አጥንት ላይ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ እንደ ክር ቀጥኖ አለቀ። የግራዋ ኩርባ ከቀኟ ጥቂት ወፈር ያለች ናት። በኋላ በፎቶዎቹ ላይ ሁላችንም አይተናታል፤ ማንም በኮምፒውተር አልነካትም።

ሙርቲናህ መብራቱ ፊት ተቀመጠች። ቁልፏ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ አንዱ «ፈገግ ይበሉ» ሲላት መልስ አልሰጠችውም፤ «ፈገግ በይ» ሲላት ሳቀች። ከሳቁ ቀጥሎ በመጣው ጸጥታ ውስጥ ነበር ጥሩው ፎቶ የተገኘው፤ ተራው የኔ ነበር። ያነሳሁትን ካሜራው ላይ ሳሳያት ብዙ ቆይታ አየችውና «እንዲህ ነበርሁ» አለች። ወዲያው ደግሞ «አይ፣ እንዲህ ነኝ» ብላ አረመችው። ቡ ሱዋርሲህ ከኋላዋ ቆመው በትከሻዋ በኩል ያዩ ነበር። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ከዚያ የኪናንቲ ተራ ደረሰ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቡ ሱዋርሲህ ግንባሯን ሣሉ፤ ቀኟን ሣሉ። ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን ሊጠርጉ ጨርቁን አነሱና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ የግራሽን ልጨርሰው ወይስ ልተወው?»

ስንት ዓመት ስንት ልጅ ሲያስጌጡ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ኪናንቲም አላሰበችበትም ነበር።

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ ቡ?»

«እኔማ የምለውን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ብዬ ጨረስሁ። አሁን የምጠይቀው አንቺን ነው።»

ኪናንቲ በጣቷ ባዶውን ጉንጯን ነካች። በመስተዋቱ ውስጥ ሙርቲናህን አየቻት፤ ከዚያ የራሷን ፊት።

«ትንሽ ላስብበት?»

«አስቢበት» አሉ ቡ ሱዋርሲህ። ሂማዋን ሰዓቱን አይቶ አፉን ሲከፍት በዓይናቸው ዝም አሰኙት። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ብሩሹን በጣቶቻቸው መሐል ይዘው፣ ጊዜ እንዳለው ሰው፣ መልሷን ጠበቁ።