ለአምደወርቁ ሳጥን አንድ ፓኬጅ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ ነው። በጃኬቴ የውስጥ ኪስ አንድ ሐርድ ዲስክ ይዣለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ። በአውሮፕላን ላሊበላ፣ ከዚያ በመኪና ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ደግሞ አምደወርቅ። መንገዴ ይኸው ነው።

የምሠራበት ድርጅት ገበያ መሀል ምሰሶ ላይ የሚሰቀል፣ የእህል ዋጋና የዝናብ ትንበያ የሚናገር ሳጥን ይሠራል። ሆዱ ውስጥ በሊኑክስ የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ከነማይክሮፎኗ አለች። በየአካባቢው ላሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለሳጥኑ ፕሮግራም የሚጽፉበት ኪት የሚባል የመሣሪያ ስብስብ እንሰጣቸዋለን። ችግሩ እኛ ኪቱ ውስጥ ካስገባናቸው ፓኬጆች፣ ማለትም ተዘጋጅተው ከሚጫኑ የፕሮግራም ክፍሎች፣ ሌላ መጨመር አይቻልም ነበር። የጎደለው ሰው ለእኛ ይጽፋል፤ እኛ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠርተን እስክንልክለት ጸጉሩ ይሸብታል።

የሰቆጣዋ ባለሙያችን ሃይማኖት እንዲህ ስትጠብቅ ከርማለች። አምደወርቅ ያለው ሳጥኗ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ከገበያተኛው ብዙው፣ በተለይ ጠና ያለው ሰው፣ አፉን የፈታው በኽምጣና ነው። ሃይማኖት የእናቷን ድምፅ በኽምጣና ቀድታ ብታስቀምጥም ድምፁን የሚያጫውተው ፓኬጅ ኪቱ ውስጥ የለም። የአምደወርቅ ገበሬዎች ማኅበር በበኩሉ «እስከ ቅዳሜ በቋንቋችን ካልተናገረ ይውረድ» ብሏል። ሳጥኑ ከወረደ የእሷም ሥራ አብሮ መውረዱ ነው። እኔም ባለሙያዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚጨምሩበትን አዲሱን ኪት ጨርሼ፣ ለሰቆጣ ኔትወርክ ስለሚከብድ ተሸክሜው ሄድኩ። አለቃዬ ስትሸኘኝ «በጨመሩት ነገር አንድ ሳጥን ከተበላሸ በሩን መልሰን እንዘጋዋለን» አለችኝ።

ከላሊበላ ሰቆጣ

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ረዳቱ አሁንም «የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው አራት ሆኖ ገባ። ቢልባላ ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን፤ የገብስ ቆሎ ገዝቼ አጠገቤ ላሉት አዞርኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ገደሉ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል፤ ማሽላው በየእርከኑ ራሱን ይነቀንቃል። ኮረኮንቹ ወገቤን ቢያንገላታውም ዓይኔ ግን ድግስ ላይ ነበር።

«ደረትህን ያምሃል እንዴ ወንድሜ?» አለኝ ሾፌሩ። ኪሴን ስዳብስ በመስታወት ሲያየኝ ኖሯል።

«ኧረ ደህና ነኝ። ለአምደወርቁ ሳጥን ምላስ ይዤ ነው።»

«እሱን ሳጥን አውቀዋለሁ። በዚያ በኩል ስሠራ ሁልጊዜ ብቻውን ሲያወራ ነው የማገኘው!» መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳጥኑን የሠራሁት እኔ መሆኔን ግን አልተናገርኩም።

ሰቆጣ

ሃይማኖት መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ስትለኝ ገና አርባ እንዳልሞላኝ ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። መጀመሪያ ያስገባችኝ ዓሳ ቤት ነው። ከተከዜ የመጣ ጥብስ ዓሳ በዳጣ ቀረበልን፤ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ዝም ብለን በላን።

በማግስቱ በአንድ ክፍል ቢሮዋ ሥራ ጀመርን። ኪቱን ጫንን፤ የጎደላትን ፓኬጅ በአንድ ትእዛዝ ራሷ ጨመረች። ስንት ጊዜ ስትለምን የኖረችው ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። «ይኸው ነው?» አለች፤ ከወንበሯ ተነስታ እስክስታ መታች። ላፕቶፑ የእናቷን የወይዘሮ ትብለጥን ድምፅ አወጣ። ኽምጣና ስለማልችል ትተረጉምልኝ ጀመር፤ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ ማሳውስ? ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝምታ አለ። ዋጋው ገና አልመጣም።

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። «ሰላምታውን ቁረጪውና በቀጥታ ወደ ዋጋው ይግባ» አልኳት።

«እናቴ ሰው ሰላም ሳትል ዋጋ አትናገርም። እኔም ብቆርጠው ቤት አልገባም» አለች ፈርጠም ብላ። እያጉረመረምኩ ተውኩት።

አምደወርቅ

ቅዳሜ ወይዘሮ ትብለጥን ይዘን በሚኒባስ ወጣን። ገበያው ደርቷል፤ ማሽላ፣ ገብስ፣ ነጭ ማር፣ ፍየል። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ፍስሐ ከነመሰላሉ ምሰሶው ሥር ጠበቁን። «መሰላሉ ለመስቀልም ለማውረድም ይሆናል» አሉ እየሳቁ። ሃይማኖት ግን አልሳቀችም።

ለሙከራ የሚሆን ሌላ ሳጥን ስላልነበራት ፕሮግራሙን ሳጥን ላይ ስትጭን የመጀመሪያዋ ነው። ጫነች። ጸጥ። ደገመች። ጸጥ። ጠጋ ብዬ ላፕቶፑን ሳነብ ጥፋቱን የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ፓኬጁ የተጨመረው ኪቱ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ሳጥኑ ደግሞ የአዲስ አበባው ቢሯችን ዲጂታል ማኅተም የሌለበትን ፓኬጅ አያስገባም። የኪቱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ የሳጥኑን እንደ ተቆለፈ ትቼዋለሁ። ሰው ጠርቶ በር መዝጋት ማለት ይኸው ነው! ቁልፉ በእጄ ነው፤ ፈቃዱ ግን አይደለም።

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እያለከለክሁ ወጥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ሳጥኑ የሃይማኖትን ማኅተም እንዲቀበል ላድርገው። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውን እሷ ትወስን።»

«ቢበላሽስ?»

«ደህና ሆኖም የሚሰማው የለም። ዛሬ ሊያወርዱት ነው።»

  «እንግዲያው በል አድርገው» አለች።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። እኔ ፈቃዱን ሰጠሁ፤ ሃይማኖት ፓኬጁን በገዛ ማኅተሟ አስገባች። ሳጥኑ አንዴ ኮሽ አለና በወይዘሮ ትብለጥ ድምፅ ገበያውን ሰላም አለ።

ማር ሻጩ እጁን ከሚዛን ላይ አነሳ። ድምፁ ጠይቆ ዝም ሲል ከፍየል ተራ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው መለሱ። ለሁለተኛው ጥያቄ አሥር ሰው መለሰ፤ ለሦስተኛው ገበያው በሙሉ። ወይዘሮ ትብለጥም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለገዛ ድምፃቸው አጸፋውን መለሱ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ!» አለች ሃይማኖት እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

«ብሆንስ? ሰላም ያለኝን ልዝጋው?» አሉ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ።

ከዚያ የማሽላው ዋጋ ተነገረ፤ ሁሉም ሰማ። አቶ ፍስሐ «መሰላሉን መልሱ» አሉ። ሃይማኖት እዚያው አቀፈችኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም።

መልስ

አዲስ አበባ የገባሁት አንድ ጀሪካን ማርና የደነዘዘ ወገብ ይዤ ነው። የተማርኩትን ለባልደረቦቼ ስነግር፣ ሰውን «ራስህ ጨምር» ካሉት እስከ ሳጥኑ ድረስ ይግባ ነው ያልኳቸው። በቃል ይህን ያህል ጎበዝ ነኝ።

ሰሞኑን ሃይማኖት ደወለች። «ጋሼ፣ ሳጥኑ ላይ አንድ ፓኬጅ ጨመርኩ፤ ድምፅ የሚቀዳ። እናቴ ‹ሰውን ደህና ናችሁ ወይ ብዬ መልሱን ሳልሰማ እንዴት እቀመጣለሁ?› ብላ አስቸገረችኝ። አሁን ማታ ማታ የገበያተኛውን መልስ እያሰማኋት ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ነዎታ!»