ዳማውን ምን አመመው

አባቴ ሰውን የሚለካው በፈረስ ላይ አቀማመጡ ነው። ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እንኳ ስለ ሥራውም ስለ ዘመዶቹም አልጠየቀም፤ «ፈረስ ላይ ይወጣል?» ነው ያለው። ባለቤቴ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። አባቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ልቡ ይቅር ያለን አይመስለኝም።

ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ላፍቶ ላይ ሲያርስ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነው። ማሳው አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ የተረፈችው አብረን ከምንኖርበት ግቢ ጀርባ ያለች የጎመንና የሣር ቁራጭ ናት። በሬዎቹ ተሸጠዋል። ዳማ ፈረሱ ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ይጭነውና ባጃጁንም ሲኖትራኩንም ከምንም ሳይቆጥር ወደ ለቡ ይወርዳል፤ ሰርግ ከሆነ ከአጃቢዎቹ ፊት ነው፤ ለቅሶም ከሆነ እንዲሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ፈረስ ላይ ካልሆነ በቀር ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ዳማው ኮርቻ ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፍ ሲጀምር ቤታችን ጭር አለ። ያ ጨዋ ፈረስ የሆዱ ጠፍር ሲጠብቅበት ዞሮ ሊነክስ ይቃጣል። አባቴ ሲወጣበት ጀርባውን ያጎብጣል፤ አንድ ቀን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ላዩ ላይ ቁስል የለም፣ እብጠት የለም። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ወገቡ ነው፤ ይተኮስ» ብሎ በጋለ ብረት ከብት የሚተኩስ ሰው ለቅዳሜ ቀጠረ። በእኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ፈረስ ይተኮሳል፤ ተተኩሶ ካልዳነ ለጋሪ ይሸጣል። አባቴ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ፈረሱ ዘንድ ሄደ። ተከትዬው ብወጣ «ዳማው ላይ መውጣት ከቀረብኝ እኔ ምን ቀረኝ?» አለኝ።

እኔ መካኒሳ የከብት መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አንዷ ለቡ መብራት ኃይል የምትኖር የእንስሳት ሐኪም ናት፤ አጠር ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ እንኳ በደንብ የማይሰማ ልጅ። ከቅዳሜ በፊት መጥታ እንድታይልን ለመንኳት፤ ዓርብ መጣች። አባቴ በሩ ላይ ሲያያት ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ «ይቺን ነው ያመጣሽልኝ?» አለ። እሷም በኦሮምኛ «አዎ አባባ፣ እኔን ነው» አለችው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና መንገድ ለቀቀላት።

መርፌ ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳዋን አልከፈተችም። ቁጭ ብላ ፈረሱን ታየው ጀመር፤ ሲበላ፣ ሲቆም፣ ዝንብ ሲያባርር። ወንድሜ «ልትስለው ነው?» ብሎ አሾፈ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕግሥቴ እያለቀ ነበር። ከዚያ ተነሥታ አፉን ከፍታ ጥርሱን አየች፤ አራቱንም ሰኮና አንድ በአንድ አነሣች። «አፉን ያመመው ፈረስም፣ እግሩን ያመመውም፣ ጀርባውን ያመመው ሊመስል ይችላል» አለችን። መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ከጥርጣሬ ማውጣቷ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ጀርባው መጣች። ከጫንቃው ጀምራ የጣቶቿን ጫፍ በአከርካሪው ዳርና ዳር እስከ ታፋው ቀስ አድርጋ ነዳች። የገረመኝ፣ ዓይኗ እጇን አይከተልም፤ የምታየው ጆሮውን ነው። በግራ በኩል ስትወርድ ዳማው ሣሩን ያኝካል። በቀኝ በኩል ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ ማኘኩን አቆመ። ቆዳው ተርገበገበ፤ ጀርባውን ከእጇ ሥር ዝቅ አድርጎ ሸሸ። ወዲያው እጇን አነሣችና አንገቱን እያሻሸች «ይቅርታ፣ ገባኝ» አለችው። ደግማ አልነካችውም። እኛ ስንት ቀን ሙሉ ስንጎነትለው ከርመን አንዳችንም ለፈረስ ይቅርታ ማለት አልመጣልንም። ወደድኳት።

ቀጥላ ኮርቻውን ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በቀኝ በኩል ያለው ድልዳል፣ ጀርባው ላይ የሚያርፈው ትራስ፣ ተደፍጥጦ ደርቋል፤ የግራው ገና ለስላሳ ነው። የቀኙ እርካብ ጠፍርም ከግራው ረዝሟል። ወንድሜ «በቃ፣ ኮርቻው ነዋ» አለ፤ እኔም እፎይ አልኩ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። «ኮርቻ በራሱ ባንድ ጎን አያልቅም» አለችና ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋ ከኮርቻው ሥር አኖረች። «አባባ፣ አንዴ ብቻ ይውጡበትና እስከ አጥሩ ደርሰው ይመለሱ።»

አባቴ እንደ ሰሞኑ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣ፤ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ፊት ለፊት ሆኜ ሳየው ያው የማውቀው ጌታ ነው። ሐኪሟ ከኋላው ነበር የቆመችው። በእጇ ጠራችኝና ከጎኗ ቆምኩ። አባቴ በቀኝ በኩል እንደተንጋደደ ጭነት ዘንበል ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ ሲመጣ ነው የማየው፤ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሲመለስ እርካቡን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ የግራ ዳሌዎን ካመመዎት ቆየ?» አለችው።

«አባዬ ምንም አያመውም» አለ ወንድሜ።

አባቴ የፈረሱን አንገት ዳበሰ። «ቆይቷል» አለ። «ከናታቸው ሞት ወዲህ ነው። ብነግራቸው ከፈረስ ያወርዱኛል።»

ንዴትም እንባም እኩል መጣብኝ። ማታ ማታ ፊቱ ተቀምጬ እራት እየበላሁ ያላየሁትን ይቺ ልጅ ከፈረስ ጀርባ ላይ አገኘችው። ግራው ሲያመው ክብደቱን ሁሉ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ የዚያን ዋጋ ደግሞ ዳማው ይከፍላል። እሷ ይህን ያለ ወቀሳ፣ ለእሱም ለእኛም በሚገባን ቋንቋ አስረዳችው። ብረት አያስፈልገውም፤ ዕረፍት ይበቃዋል፤ ኮርቻው ይታደስ። «እርስዎ ግን ሳይታከሙ ከወጡበት መልሶ ያመዋል» አለችው። አባቴ ላም ረግጣ ጎድኑን የሰበረችው ጊዜ እንኳ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ ያስቸገረ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ በሩ ላይ አገኘሁት። «ውሰጂኝ» አለኝ።

ሐኪም ቤት ወጣቱ ዶክተር «አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ ጠየቀው።

«ፈረሴ ጀርባውን አሞታል» አለ አባቴ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት፤ ራጅ አዘዘለት። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ የዳሌው መገጣጠሚያ ማለቁን አሳየን። መድኃኒቱና እንቅስቃሴው ለመራመድ ያግዘዋል፤ ፈረስ ላይ መውጣት ግን ከእንግዲህ አይሆንም አለ። የአባቴን ፊት ለማየት ፈራሁ።

«ካልወጣሁበት ይድናል?» አለ አባቴ።

«ማን?»

«ዳማው።»

ዶክተሩ የፈረስ ነገር እንደማያውቅ ነገረው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይድናል አባዬ፣ ሐኪሟ ይድናል ብላለች» አልኩት።

ግራ እጁን ዳሌው ላይ አደረገ። እንደዚያን ቀን አክብሬው አላውቅም።

«እንግዲያውስ ወርጄለታለሁ» አለ።