መርፌው የሚዘልባት ቦታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1964 ዓ.ም.

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም... የማላውቀው ሰው ጊታር ናፍቆኛል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ብናገርም የሚስቅብኝ እንጂ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰውዬው በውጭ አገር ስሙ የገነነ ጊታር ተጫዋች ነው አሉ። የጎረቤታችን ሸክላ ልባስ ላይ ፎቶውን አንዴ አይቼዋለሁ፤ ጸጉሩ ጎፍሯል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። የሚዘፍነው እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ግን መሐል ላይ ዘፈኑን ይተውና ጊታሩን ብቻውን ይለቀዋል። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እንደሚል ሰው ያመነታል... ከዚያ ይወጣል፣ ይወጣል፣ እላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል።

የምኖረው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ አክስቴ ጋ ነው። እሷ ጎህ ሲቀድ መርካቶ ትሄዳለች፤ ቅቤ ነጋዴ ናት። እስክትመጣ ብቻዬን ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ክፍሎች በአንድ ጣራ ሥር ተደርድረዋል። አንደኛው የእኛ ነው፣ ሦስተኛው የእትዬ ዘርፌ። መሐለኛውን ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ወጣት ተከራይቶት ነበር። ሸክላውን ያጫውት የነበረው እሱ ነው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ጊታሩ ሳይጠራ እኛ ቤት ይገባ ነበር።

እትዬ ዘርፌ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ጊታሩ ሲጮህ በዘነዘና ግድግዳውን ይደበድቡት ነበር።

«አንተ ልጅ! ድመት ነው የምታርደው?»

«ጊታር ነው፣ እትዬ!»

«ታዲያ ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

ሸክላው አንድ ቦታ ላይ ተጭሯል። ጊታሩ ልክ እላይ ሲደርስ መርፌው ጧ ብሎ ይዘልና ዝቅ ያለው ጋ ይወድቃል። እኔ ሰውዬው ራሱ እንዲህ የተጫወተው መስሎኝ ከነዝላዩ አጠናሁት። አንድ ቀን ማዞሪያው ጋ ባለ ቡና ቤት ያንኑ ሙዚቃ ሰማሁ። አልዘለለም። መሐል ላይ ፈጽሞ የማላውቀው ረጅም ጩኸት አለው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያደንቃል፣ እኔ ግን የሰው ዕቃ በስህተት ያነሳሁ ያህል ደነገጥኩ። የኔ የምትዘለዋ ናት።

ከጥምቀት በኋላ ልጁ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሎ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። በር ላይ «ደህና ሁኚ፣ እህቴ» አለኝ። ስሜን አያውቀውም። እኔም አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልነገርኩትም። አሁን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳደርግ የምሰማው አይጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ላጥብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እትዬ ዘርፌ ጋቢ እያጠቡ ነበር። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ካልጠመዘዘው አይጨመቅም። እሳቸው ግን አንዱን ጫፍ የአጥሩ እንጨት ላይ ያስሩና ብቻቸውን ይጠመዝዛሉ። እንዳያዩኝ ባልዲዬን ይዤ ራቅ አልኩ።

እየጠመዘዙ ያንጎራጉራሉ። ልብ አላልኩትም... ከዚያ እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ዜማው አመነታ... ወጣ... ወጣ... ጋቢው በከረረ ቁጥር የእሳቸውም ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። እላይ ሲደርሱ ዘለሉ! የቡና ቤቱን አይደለም፤ የእኛን፣ የግድግዳውን። ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸውና አቆሙ።

የቀረውን አፌ ጨረሰው። እኔ አላዘዝኩትም።

ዞር አሉ። «አንቺ! ድምፅ አለሽ እንዴ? እኔ እኮ ዲዳ ናት ብዬ ለአክስትሽ ሳዝን ነው የከረምኩት!»

«እርስዎም... ይሰሙት ነበር?»

«ማን፣ እኔ? ግድግዳው አስገድዶኝ ነዋ!» ብለው ጋቢውን ሳቡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን የምትዘለዋን ታውቂያታለሽ አይደል? እኔ ነኝ ያመጣኋት። መጀመሪያ ቀን ግድግዳውን ስመታው መርፌው ዘሎ ሸክላውን ጫረው። ልጁ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ... በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።»

እጄን ከውሃው አወጣሁ።

የጋቢውን ጫፍ ከእንጨቱ ፈትተው ወደ እኔ ዘረጉት። «ነይ እስቲ፣ ያዢልኝ።»

እኔ ደግሞ... «ድስት ጥጄ ነበር» ብዬ ሮጥኩ። የጣድኩት ድስት አልነበረም። በሩን ዘግቼ ስሰማ፣ ጫፉን መልሰው አሰሩትና መጠምዘዝ ጀመሩ። አላንጎራጎሩም።

ቀኑን ሙሉ ያ የተዘረጋ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገ ጋቢዬን አጥባለሁ። ባለፈው ሳምንት ነው የታጠበው፣ ግድ የለም። አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላውን ለእትዬ ዘርፌ እዘረጋላቸዋለሁ። «ብቻዬን አልቻልኩም» እላቸዋለሁ... ውሸት አይደለም።