የጎረቤት ናሙና

ሥራነሽ ቁይ ከተማ ላይ ዳቦ ቤት ከከፈተች ሃያ ዓመት ሆኗታል። በልጅነቷ በገብስ ቂጣና በግብጦ ስላደገች ነጭ ዳቦ መብላት ለእሷ ማዕረግ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ዳቦ በወጥ፣ ማታ ከሽያጭ የተረፈ ዳቦ። ከመንገዱ ማዶ ግብጦ የምትሸጠውን ጎረቤቷን የብርጓልን ባየች ቁጥር «አንቺ፣ ያን የድሃ ጥሬ ዛሬም አልተውሽውም?» ትላታለች። የብርጓል ግን ግብጦውን ቆልታ፣ በጆንያ አስራ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ስትዘፈዝፍ የምትሰነብት ሴት ናትና ለነገረኛ መልስ የምትሰጥበት ጊዜ የላትም።

አምና ሥራነሽ ስኳር አለብሽ ተባለች። ወዲያው የታየቻት በዚሁ በሽታ አንድ እግሯን ተቆርጣ አልጋ ላይ የቀረችው ታላቅ እህቷ ናት። ፈራች። ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ ስኳሩ ግን አልወርድ አላት።

በዚህ መሀል ጥናት የሚሠሩ ወጣቶች ከደብረ ማርቆስ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ መጡ። ከእነሱ አንዷ፣ ሂዊ የምትባል ቀጭን ልጅ፣ የስኳር ሕመምተኞቹን ሰብስባ አነጋገረች። ክኒናቸውን ሳይተዉ ሦስት ወር በምግብ ክትትል ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ደማቸውና ሰገራቸው ይመረመራል። ደማቸውን ቀድታ ለሁሉም ለሰገራው ክዳን ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ አደለቻቸው። «ሐሙስ ጠዋት ያላመጣ ሰው ቦታውን ለሌላ እንሰጥበታለን» አለች።

ሥራነሽ ብልቃጧን በነጠላዋ ሸፍና ቤቷ ገባች። ሆዷ ከደረቀ ሰንብቷል፤ ይህንን ደግሞ የልጅ ልጇን ለምታህል ልጅ አትነግራትም። ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ሙቅ ውሃ ጠጣች፣ ግቢዋን ስትዞር ዋለች፤ ምንም። ሐሙስ ፀሐይ ስትወጣ የብርጓል በር ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«እርሾ ነው?»

«አይደለም» አለችና ብልቃጧን ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

የብርጓል ነገሩ ሲገባት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ጥሬውን ንቀሽ ትርፉን ፈለግሽው?» አለቻት። እየሳቀች ተቀብላት ወደ ጓሮ ሄደች። ሥራነሽን ከልመናው ይልቅ ያሳፈራት የሴትየዋ ፍጥነት ነው። እሷ ቀናት ያማጠችበትን ነገር የብርጓል ሻይ እስኪፈላ እንኳ አላቆየችውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሂዊ ፊቷ በርቶ ዳቦ ቤቱ ድረስ መጣች።

«እትዬ ሥራነሽ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላጋጠመንም! የደምዎ ስኳር ከፍ ያለ ነው፤ አንጀትዎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ እንዲህ በርክተው አላየናቸውም። ስለዚህ የምግብ ክትትሉ አያስፈልግዎትም፣ ቦታዎን ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል። ስለ እርስዎ ግን ለብቻው እንጽፋለን።»

«ለመሆኑ ምን ያደርጋሉ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች?»

«እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህሉን አሰር ይበሉታል፤ የገብሱን ገለፈት፣ የግብጦውን። እሱን በልተው የሚሠሩት ነገር ለአንጀት ይበጃል፣ ስኳሩንም ያረጋጋል። አሰር ካጡ ደግሞ ይመናመናሉ።»

ሥራነሽ የተደረደረውን ዳቦ አየችው። ከዚህ ዱቄት የተነጠለው ፉርሽካ ለከብት አድላቢዎች እንደሚሸጥ ታውቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው በሬ ከእሷ የተሻለ ሲበላ ኖሯል! ተናደደች። ዝም ብትል የሚጻፍላት ምስጋና ነው፤ ግን የተቆረጠው የእህቷ እግር የጎደለበት የአልጋ ጫፍ ታወሳት።

«ልጄ፣ ያ የእኔ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ብልቃጡ። ያመጣሁልሽ የየብርጓልን ነው።»

ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ዘወር አሉ።

«ለምን እትዬ?» አለች ሂዊ።

«አልመጣልኝማ! ይሄን ዳቦ ስበላ ውዬ እያደርኩ ከየት ይምጣልኝ?»

ከማዶ የብርጓል ድምፅ ተሰማ። «ታዲያ አሁን የምትጽፉት ስለ እኔ ነው?»

ሂዊ ሳቋን ዋጠች። የመጀመሪያውን ውጤት ሰረዘችው፣ ሥራነሽንም ተጨማሪ ቦታ ፈልጋ ወደ ክትትሉ መለሰቻት። ሌላ ብልቃጥ ሰጥታ «ቀን አልቆርጥብዎትም፤ ሲመጣልዎ ያምጡ» አለቻት።

የዚያን ዕለት የብርጓል ሳትጠራ አንድ ሳህን ግብጦ ይዛ ገባች። ሥራነሽ ቀና ብላ ሳታያት በላች። የመጀመሪያው ሳምንት ሆዷ ሲነፋና ሲያጉረመርም ሰው መሀል መቀመጥ አሳቀቃት። ቀስ በቀስ ግን ለመደችው። የገብስ ቂጣው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ተመለሱ። በዳቦ ቤቷም ከነፉርሽካው የተቦካ ዳቦ መጋገር ጀመረች፤ መልኩን አይተው የሸሹ ደንበኞችም ነበሩ። ስኳሩ በየወሩ ሲለካ ትንሽ ትንሽ እያለ ወረደ። ክኒኑ አልቀረም፤ ይቀራልም ያላት የለም።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ የመጨረሻዋን ብልቃጥ የምታስረክብበት ጠዋት ደረሰ። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ሥራነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንም ሳትሸፍን፣ በሁለት እግሯ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። የብርጓል ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ብልቃጧን ከፍ አደረገቻት።

«የብርጓል! ዛሬስ የራሴ ናት!»