ሐያት ይዛው የሄደችው ምዕራፍ

ትናንት ፉጣ በሚባለው የሪያድ ሰፈር አባቴ ጫማውን ሲያስጠግን የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬን መታውና ስምንተኛ ክፍል መልሶ ወሰደኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ሚስ ሰሚራ አንዲት ቅጂ ብቻ የነበራትን የምናብ ልብወለድ በምላጭ በየምዕራፉ ቆራርጣ፣ በማስቲሽና በካርቶን ለየብቻ ጠርዛ አድላን ነበር፤ ሁሉም የደረሰውን ቤቱ አንብቦ፣ ተራው ሲመጣ ቆሞ ለክፍሉ መተረክ ነው።

ታሪኩ ድልድይ ላይ ስለተወለደች ልጅ ነበር። በወንዙ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ጭራቅ ቆሞ «የማን ነሽ?» እያለ አላሳልፍ ይላታል። እኛ ሪያድ ተወልደን እዚህ ሐበሻ፣ ለእረፍት ወሎ ስንሄድ ደግሞ «የዐረብ ልጆች» የምንባል፣ ጭራቆቹን ከነመልካቸው እናውቃቸዋለን።

የእኔ ድምፅ ያኔ ከክፍሉ ኤሲ ያነሰ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ለጓደኛዬ ለሐያት በጆሮዋ አንሾካሹካለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ ትናገርልኛለች። ልጅቷ ለጭራቆቹ የምትመልስበት ሰባተኛው ምዕራፍም ለሐያት ደረሰ። ሐሙስ ዕለት፣ የሳምንቱ ትምህርት ሲያልቅ፣ ንገሪኝ ብዬ ብለምናት «እሁድ ከሰው ጋር ትሰሚያለሽ፣ አሁን ብነግርሽ አይጥምሽም» አለችኝ።

የአባቷ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ አልታደስ ብሎ ኖሮ፣ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ተጠቃሎ አገሩ ገባ። ምዕራፉም በቦርሳዋ አብሮ ሄደ።

እሁድ ትምህርት ሲጀመር ሚስ ሰሚራ «ያላ፣ የጎደለውን ማን ይሙላልን?» ስትል ጀማል ከኋላ ወንበር «አንሾካሿኪዋ እዚሁ ቀርታ የለ፣ እሷ ትንገረን» ብሎ አሳቀብኝ። ለምን እንደተነሳሁ እስከዛሬ አላውቅም። ልጅቷ ጭራቆቹን «እናንተ የቆማችሁት ዳር ነው፤ እኔን መጠየቅ ከፈለጋችሁ ወደ መሀል ኑ» አለቻቸው፣ አልኩ።

«ወላሂ ድልድዩ ይሰበራል» አለ ጀማል።

«ይሰበር። አንቺ ቀጥዪ» አለች ሚስ ሰሚራ።

ቀጠልኩ፤ ደወሉ እስኪጮህ ቀጠልኩ፤ አስራ አንደኛ ክፍል ደርሼም እየጻፍኩ ነው፣ ደግሞም ይሳካልኛል፣ ይህን ስል አላፍርም። የሐያት ስልክ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሥራት አቆመ። የመጽሐፉ ልጅ ምን ብላ እንደመለሰች ከእኛ ከተማሪዎቹ የምታውቀው ሐያት ናት፤ እኔ በልጅቷ ፈንታ ምን እንዳልኩ ግን አልሰማችም። እሷ ባትሄድ ኖሮ አፌን እንደማልከፍት ሳስበው ደስታዬ ይከብደኛል።

የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ወደ ሰፈራችን ወደ ነሲም ሲመልሰን፣ ሐያት ትቀመጥበት በነበረው በመስኮቱ በኩል አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሲመጣልኝ ሳላስበው ላንሾካሹክ ወደ ጎኔ ዘንበል እላለሁ፤ እዚያ ያለው የራሴ ቦርሳ ነው።