ጠፋ ያልኩት ካራ

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሰሊጥ መልቀም ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። እሱ ራሱ ከአገዳ በሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ጠጠሩን እናወጣለን። እዚህ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ገበያ ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ በጆንያ ሲያስጭን የሚውል ሰው ነበርና፣ በሎሪ የጫንኩትን ደግሞ ቤቴ ገብቼ በፍሬ ልቁጠር ወይ ብሎ አጉረመረመ። እኔም ዓይኑ እንደ ደከመ፣ ጠጠሩን ትቶ ሰሊጡን እየጣለ መሆኑን ነገርኩት። ሳቀና ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋው። ከዚያ በላይ የተባለ ነገር የለም። ቢኖር አስታውሰው ነበር።

በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። የተለመደችው ወባ ናት ብለን በሪክሻ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በአራተኛው ቀን አስከሬኑን ይዘን ተመለስን። የአርባ ቀኑ ተዝካር የወጣው ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ስለዚህ ያንን ጾም በሙሉ ጥቁር ለብሼ የሰው ቤት ዝግጅት ስሰማ ከረምኩ። ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ቤት ጠፍቶ፣ አንዱን ግቢ በጭቃ አጥር ለሁለት ከፍለን ነው ከጎረቤቴ ጋር የምንኖረው። አጥሩ ደረቴ ድረስ ነው። ባሎቻችን ገና ልጆች ሳሉ፣ በዚያ በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን፣ አብረው መተማን የተሻገሩ ናቸው። እሷና እኔም አንድ ወገን ነን፣ የጎንደር። ምላሷ ግን ከኔ ይበልጣል።

በርበሬዋን ስታሰጣ ባሏን ትቆጣለች። ሽንኩርቱን ስትልጥ ትቆጣዋለች፤ እንዲህ ያለ የበሰበሰ ሽንኩርት ከየትኛው ቆሻሻ ላይ ለቅመህ አመጣህ ትለዋለች። ቅቤ ስታነጥር ጾም ስለሆነ መቅመስ አይቻልም፣ የሚለየው በማሽተት ነው። ያን ጊዜ ትጠራዋለች።

"ና እስቲ አሽት። ይህ አፍንጫህ ለአንድ ነገር እንኳ ይዋል።"

ያሸትና ኮረሪማው አነሰ ይላል። አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ ትለዋለች። ጥቂት ቆይቶ ግን የሙቀጫው ድምፅ ይሰማኛል፤ ኮረሪማ እየጨመረች ነው። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ ዕቃ ሳጥብ በዚያች ኮረሪማ እቀናለሁ። ሰው በሌላው ከብት፣ በሌላው ልጅ ይቀናል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ በጭቅጭቅ ቀናሁ። የሱን ጀለቢያ አጥባ ስታሰጣ ፊቴን አዞራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አላውቅም ነበር።

በእኛ ሰፈር ያለን ክርስቲያኖች ለገና ቅርጫ እንገባለን፤ በሬ ገዝተን፣ አርደን፣ ለየቤቱ እኩል መደብ እንከፍላለን። በከተማው ሉካንዳ የሚሸጠው ሥጋ ሙስሊሞቹ ባርከው ያረዱት ነው። ወጣቶቻችን ግድ የላቸውም። ትልልቆቹ ግን በአገር ቤቱ ሥርዓት፣ የራሳችን ሰው በስመ አብ ብሎ ያረደው ካልሆነ አይበሉም። ለእነሱ ሥጋ ማለት የበዓል ቅርጫ ብቻ ነው። የዚያ በሬ አራጅ ባለቤቴ ነበር። ካራውን ከአሮጌ ሎሪ ባሌስትራ ያስቀጠቀጠው ከመጋባታችን በፊት ነው፤ ከበሬና ከዶሮ ሌላ አይነካበትም። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ብከትፍበት ቀኑን ሙሉ አኩርፎኝ ዋለ።

በዚያ ዓመት ሰዎቹ ተሰብስበው አራጅ ያደረጉት የጎረቤቴን ባል ነው። የኔን መደብ ቤቴ ድረስ እንደሚያመጡልኝ፣ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ምንም እንዳላስብ ላኩብኝ። ደግ ሰዎች ናቸው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሽንኩርት ልታግዘኝ መጣች። እኔ አንድ አውራ ዶሮ ከመግዛት በቀር ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። እሱንም የገዛሁት ልጄ ስላስቸገረችኝ ነው። ጎረቤቴ ቁጭ ብላ እየላጠች ስለ ባሏ ጀመረች። አራጅ ከሆነ ወዲህ ሰውየው ተለውጧል፤ ጋቢዬ የት አለ፣ ጫማዬ የት አለ እያለ መቀመጫ ነሥቷታል።

"ባል እኮ ሥራ ነው እታለም" አለች። "አንቺስ አረፍሽ።"

ክፋት አልነበረባትም፤ አፏ ቀድሟት ነው። ወዲያው ደንግጣ ቢላውን ወደ ሽንኩርቱ መለሰች። ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል፣ በዚያው የመጣችበትን ሌላ ጉዳይ አነሣች። ባሏ ለነገ ጠዋት ካራውን ላኩልኝ ብሏል።

ካራው በማሽላው ጆንያ ሥር፣ በሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። የባለቤቴ ካራ በሷ ባል ወገብ ላይ ሆኖ፣ በሬ አርዶ፣ እንኳን አደረሰህ እየተባለ ወደ ሷ ቤት ሲገባ ታየኝ።

"ጠፍቷል" አልኳት። "በለቅሶው ሰሞን ግቢው በሰው ሲሞላ ማን እንዳነሣው እንጃ።"

ልጄ በሩ ላይ ሰሃን ታጥብ ነበር። ቀና አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ስላደገች ስትናደድ ወደ ዓረብኛ ትሄዳለች። ጎረቤቴ እስክትወጣ ጠብቃ "ሐራም ዐለይኪ" አለችኝ፤ በደልሽ ማለቷ ነው። ዝም በይ አልኳት። ማታውን አላናገረችኝም።

በገና ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ወደ ማረጃው ግቢ ላልሄድ ወስኜ ነበር። እግሬ ግን በሩ ድረስ ወሰደኝ። በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ መደቡ በቅጠል ላይ እየተከፈለ ነው። በሰፈራችን ካሉት በዕድሜ የምትበልጠው፣ ወገን የሌላት ብቸኛ ባልቴት፣ ሁላችንም እማማ የምንላት፣ ሳህኗን ይዛ ተቀምጣለች። የጎረቤቴን ባል እጅ አየችና፣ ይህ የሟቹ ካራ አይመስልም፣ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችው።

መዋሸት ይችል ነበር። እሱ ግን እንደ ሆነው ተናገረ። ሲፈልግ አምሽቶ በማጣቱ፣ ገበያ ውስጥ አብሮት ሻይ የሚጠጣው ጀዛር፣ ሥጋ ሻጩ፣ የራሱን ካራ አውሶት ነው። ጀዛሩ ሙስሊም ነው። እንኳን ሊከለክል፣ ለዒዳችሁ ይሁን ብሎ በደንብ ስሎ ነው የሰጠው።

እማማ ሳህኗን ወደ ነጠላዋ ሥር መለሰች። ሁለት ቤተሰቦችም እርስ በርስ ተያዩ። ቄሱ ገና ልብሳቸውን እንኳ አልለወጡም፤ ሳቅ ብለው፣ አራጁ የኛ፣ ቃሉ የኛ፣ ብረት ክርስትና አይነሣም አሉ። ሰዎቹ ሳቁና ወደ መደባቸው ተመለሱ። እማማ አልሳቀችም።

"ልክ ነዎት አባ። እኔ ግን አይወርድልኝም። የሚበላውን አልከለክልም" ብላ ተነሣች።

ሰውየው እጁ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ ቆሞ ቀረ። እኔ ሚስቱን ነው የማየው። ዓመቱን ሙሉ የምትቆጣው ሴት ዛሬ በሰው ፊት ምን እንደምትለው እጠብቃለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር፣ እንድታፍርበት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ሄዳ አጠገቡ ቆመች። በአዲሱ ነጠላዋ ጫፍ የግንባሩን ላብ ጠረገችለት፣ ነጠላው ደም ነካ።

"ያለ ካራ ምን ያድርግ? ትናንት ሲዞር ነው ያመሸው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የበለጠ ያቃጠለኝ ያ ጥረጋ ነው። ባሏን ያሳፈርኩ መስሎኝ እሱኑ ይበልጥ ለሷ ሰጠኋት።

እማማ ባዶ ሳህኗን ይዛ በሩ ላይ ስታልፍ አየችኝ። እንኳን አደረሰሽ ልጄ አለችና እጄን ያዘች።

"እሱ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር።"

የባለቤቴ መመስገን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተመሰገነው ግን በኔ ውሸት ነው። እሷም አርባ ሦስት ቀን ጾማ ያለ ሥጋ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።

ቤቴ ገባሁ። ልጄ ዶሮውን በእግሩ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ማን ያርደዋል አለችኝ። በእኛ ሴት አታርድም፣ የእማማን ሳህን የሚሞላ ሌላ ነገር ደግሞ ቤቴ ውስጥ የለም። ቅርቡ ወንድ ከአጥሩ ማዶ ነው። ብዙ አሰብኩ ማለት አልችልም። ጆንያውን ገፍቼ ካራውን አወጣሁና አጥሩ ጋ ሄጄ ጎረቤቴን ጠራኋት።

"ተገኘ?" አለች፣ ስታየው።

"አልጠፋም ነበር።"

ካራውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የነጠላዋን ደም አየች።

"አረፍሽ ስላልኩሽ ነው?"

"በሱም ነው። ባልሽ በሕይወት ስላለም ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈሩን ይጠራብኝ ነበር። እኔም ለዚያ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ካራውን ተቀብላ ስለቱን በጥፍሯ ሞከረች።

"እኔ ብሆን ጉድጓድ ነበር የምከተው" አለች። ቀጥላም ወደ ኋላዋ ዞራ፣ በዚያው በቁጣ ድምጿ "አንተ፣ ና ዶሮ እረድ" አለችው።

መጥቶ አረደ። ምንም አልጠየቀኝም። ካራውን ራሱ አጥቦ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ መለሰልኝ። ቅቤ ስላልነበረኝ ወጡን የሠራሁት በሷ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማው ልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለእማማ ይዤላት ሄድኩና፣ ከመብላቷ በፊት ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ አለችኝና እንጀራውን ቆረሰች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ገና አልፏል። ያ ነገር ከቅናት ያነጻኝ ይመስለኝ ነበር፤ አላነጻኝም። ጎረቤቴ በኅዳር መጨረሻ ቅቤ ልታነጥር ባሏን ስትጠራው ዕቃዬን ትቼ ወደ ውስጥ እገባለሁ። እሷም ታውቃለች። አንዳንድ ጊዜ ድምጿን ዝቅ ታደርግልኛለች፤ ያ ደግሞ ይብስብኛል።

አሁን በየገናው ዋዜማ ካራውን ራሴ ስዬ፣ በአጥሩ ላይ ለባሏ አቀብለዋለሁ።